ሃይሉክስ 5ኤል፦ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፣ ቆማ ስትነሳ ደህና ናት። «ሞተር ይውረድ» ተብያለሁ

ባለ ሃይሉክስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለቤቱ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። የ2001 ሞዴል፣ ባለ 3 ሊትር 5ኤል የናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦ የላትም። የአባቴ መኪና ስለሆነች «ሽጠህ ተገላገል» የሚለውን ምክር ከወዲሁ እንለፈው። በየሁለት ሳምንቱ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ባዶዋን እሄዳለሁ፣ የሱቅ ዕቃ ጭኜ እመለሳለሁ።

ከተማ ውስጥ ምንም የለባትም። ሜዳ ላይ 90 ትሄዳለች። ሸዋ ሮቢትን አልፌ ዳገቱ ሲጀምርም መጀመሪያ ጥሩ ትወጣለች። ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ከወጣች በኋላ ግን ጉልበቷ እየሸሸ ይመጣል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ እቀንሳለሁ። ደብረ ሲና ስደርስ አንደኛ ላይ ነኝ፤ እስከ አፉ የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ያልፈኛል። ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጠው ድምፅዋ አይጨምርም። አትጠፋም፣ አትንቀጠቀጥም። ብቻ ትታፈናለች።

የሚገርመው ይሄ ነው። ዳር አውጥቼ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ አስር ደቂቃ ሻይ ጠጥቼ ስነሳ መኪናዋ እንደ አዲስ ትሆናለች። ለሌላ ሩብ ሰዓት። ከዚያ ያው።

የናፍጣ ፊልትሮ ተቀይሯል። የአየር ፊልትሮም። ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎችም ወጥተው ተፈትሸዋል። ጋራዡ በመጨረሻ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በልቷል፣ ሞተር ይውረድ» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ወንበር ፈለግኩ። ከማውረዴ በፊት ልጠይቃችሁ ብዬ ነው።

ናፍጣ ሽታ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41

ወንድሜ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ይዘህ ጣርማ በርን እየወጣህ ምን ትጠብቃለህ? ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ ቢሆን ነው። አየር ከሌለ ጉልበት የለም። መኪናህ ጤነኛ ናት፣ ተራራው ነው ረጅሙ።

ፖምፓ ቤት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ናፍጣ ሽታ ያለው ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ከፍታ አስር ደቂቃ ቆመህ ስትነሳ አይመለስም። ደብረ ሲና ላይ ቆመህ ሻይ ስለጠጣህ ተራራው ዝቅ አይልልህም።

የሞተር ይውረዱም ነገር እንደዚያው። ፋሻ የበላ ሞተር ሁልጊዜ ደካማ ነው። ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ዘይት ይበላል፣ ትንፋሹ በዘይት መሙያው በኩል ፉፉ ይላል። ለመሆኑ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለት ሞተሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት፣ በጌጅ ለኩት ወይስ በጆሮ ነው? ለኤል ሞተሮች ደህናው 30 ባር አካባቢ ነው፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ 20 ባር ነው። ቁጥር ካልሰጡህ አልለኩም ማለት ነው።

የሚመጣና የሚሄድ ችግር በአብዛኛው ነዳጅ ነው። አሁን ሦስት ነገር መልስልኝ።

ሲደክም በጭስ ማውጫው ምን ይወጣል? ጥቁር ጭስ ከሆነ ነዳጅ አለ፣ አየር የለም። ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበት ሰዓት) ወይም ኮምፕሬሽን ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ሞተሩ ነዳጅ ተርቧል።

ሁለተኛ፣ መቼ ጀመረ?

ሦስተኛ፣ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ሳምንት መኪናው ላይ ምን ተደረገ? ይሄን «ምንም» ብለህ አትመልስ። ሁልጊዜ የሆነ ነገር አለ።

ቨርጂንያ ነኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:55

ሰላም ከዚህ ማዶ። ለምን በስካነር ኮድ አታስነብበውም? እዚህ 30 ዶላር የማትሞላ መሣሪያ ሰክተህ በስልክህ ታየዋለህ።

ናፍጣ ሽታ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

የት ጋ ነው የሚሰካው ወንድሜ? ይቺ መኪና ኮምፒውተር የላትም እኮ። ናፍጣ የሚሰጠው ፖምፓ በገመድ ነው የሚጎተተው። ኮዱ ያለው ሹፌሩ ጆሮ ውስጥ ነው 😂

ባለ ሃይሉክስ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

በመጀመሪያ፣ «ወንድሜ» ያላችሁኝ ሁሉ፣ እህታችሁ ነኝ። ጋራዥም ስገባ «ሹፌሩ የት አለ?» ነው የምባለው፣ ለምጄዋለሁ።

ጋሼ ፖምፓ ቤት፣ አመሰግናለሁ። ኮምፕሬሽኑን በጌጅ አልለኩትም፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያዳምጥ ነው ያየሁት። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ዘይት አትጨምርም።

ጭስ የለም። ባለፈው ረዳቱን አውርጄ ከኋላ አስመልክቼዋለሁ። «ንጹህ ነው፣ እንደውም ምንም አይታይም» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ከዚያ በፊት የተደረገው የሞተር ዘይት መቀየር ብቻ ነው። ሌላ ነገር ትዝ ካለኝ እመለሳለሁ።

ፖምፓ ቤት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

ይቅርታ ልጄ። ጭስ ከሌለ መንገዱ ጠበበ ማለት ነው። ጉልበት አጥታ፣ ነዳጁ እስከ ወለሉ ተረግጦ ጭስ የሌላት ናፍጣ መኪና ነዳጅ አልደረሳትም።

ግን ገንዘብ የማያስወጡትን አስቀድመን እንጨርስ።

ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥ። አንቺ ኮፈኑን ከፍተሽ ፖምፓው ላይ ገመዱ የሚጎትተውን ምላስ ተመልከቺ። ከዚያ እንዳያልፍ የምታቆመውን ብሎን መንካት አለበት። ካልነካ ገመዱ ረግቧል፣ ወይም ከፔዳሉ ሥር ወፍራም ሞኬት አለ። አይሳቅም። ሞኬት አንስቼ «ጠግነሃል» የተባልኩበት ቀን አለ።

ዳገት ወጥተሽ ስትቆሚ በአራቱም ቸርኬ አጠገብ እጅሽን አስጠጊ፣ ግን አትንኪ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚግል ከሆነ ፍሬን ይዟል።

ፍሪሲዮን ከሆነ ደግሞ ድምፁ ይጨምራል፣ መኪናው አይሄድም። ያንቺ ድምፁም አይጨምርምና እሱን ተዪው።

አዲሱ ቺንጋ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:40

የታይሚንግ ቺንጋውስ? 5ኤል በጎማ ቺንጋ ነው የሚሠራው፣ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። አንድ ጥርስ ከዘለለ ጉልበት ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ ለእሱ የምትበራ መብራት አለች፤ ብዙ ሰው አምፖሏን አስወጥቶ ይነዳል።

ፖምፓ ቤት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:58

ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ይቀየር፣ ከተበጠሰ ቫልቮላ ያጎብጣል። የዛሬው ችግር ግን እሱ አይደለም። የዘለለ ጥርስ አስር ደቂቃ ቆሞ ወደ ቦታው አይመለስም።

ባለ ሃይሉክስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:05

ሞኬቱ! አለ! ባለፈው ዓመት ያነጠፍኩት። ታናሽ ወንድሜ ፔዳሉን ረግጦ ሳይ ምላሱ ብሎኗን ለመንካት ጣት ይቀረዋል። ሞኬቱን አንስቼ፣ የገመዱን ነት ትንሽ ሳጠብቀው ነካ። ከተማ ውስጥ ልዩነቱ ተሰምቶኛል።

ግን ራሴን አላሞኝም። ሞኬት ከሩብ ሰዓት በኋላ አይወፍርም።

ፖምፓ ቤት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ጎበዝ። እንደዚያ ነው የሚታሰበው።

አሁን ዋናው ጋ እንምጣ። ረዘም ይላል፣ ሻይሽን ያዢ።

በዚህ ሃይሉክስ ላይ ከሳልባትዮው፣ ከነዳጅ ታንከሩ ማለቴ ነው፣ ናፍጣ የሚገፋ ፖምፓ የለም። የሚስበው ራሱ ዋናው ፖምፓ ነው፣ በሆዱ ውስጥ ባለች ትንሽ መሳቢያ። ከሳልባትዮው ተነስቶ፣ በረጅሙ የብረት ቱቦ አልፎ፣ በፊልትሮው በኩል ወደ ፖምፓው ይመጣል። ልጅ በስትሮ ለስላሳ እንደሚጠጣው ነው። ስትሮው ከተቀደደ አየር ይገባል። ጫፉ ከተዘጋ ጉንጭ ይሰረጉዳል።

ለዚህ ነው ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው። ቱቦው ሥር ጎንበስ ብሎ ናፍጣ ሲንጠባጠብ ይፈልጋል። መሳቢያው በኩል ያለ ቀዳዳ ግን ሞተር ሲሠራ አያፈስም፣ አየር ነው የሚያስገባው። ደረቅ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ፊልትሮው አናት ላይ በእጅ የምትጫን የእጅ ፖምፓ አለች። የአየር ማስወጫዋ። እሷ የሐኪም ማዳመጫሽ ናት። ግን መንገድ ላይ፣ መኪናዋ በታመመችበት ሰዓት ነው የምትጠይቂያት። ጋራዥ ውስጥ ጤነኛ ሆና ቆማ ብትጫኛት ምንም አትነግርሽም።

ስለዚህ ዳገቱን ውጪ። ስትዝል ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ የእጅ ፍሬን ሳቢ፣ ከጎማ ሥር ድንጋይ አድርጊ፣ ሞተሩን ግን አታጥፊ። ካጠፋሽው ማስረጃው ይጠፋል። ከዚያ ተጫኛት። ገብታ እዚያው ከቀረች፣ አልመለስ ካለች፣ ከእሷ ወደ ሳልባትዮው ባለው መንገድ ላይ መዘጋት አለ። ሳትከብድ ባዶ ባዶ ካለችሽ አየር እየሳበ ነው። ጠንካራ ሆና ቶሎ ከተመለሰች እስከ እሷ ድረስ ነዳጅ አለ፣ ከእሷ ወዲያ ወዳለው እንሄዳለን። ፖምፓው መግቢያ ብሎን ውስጥ ጥፍር የምታክል ወንፊት አለች፣ ያኔ እሷን እንፈታታለን።

ፊልትሮው ሥር ያለችውንም የፕላስቲክ ብሎን ፈታ አድርገሽ ውኃ ካለ በብርጭቆ ተቀበዪ። ውኃ ከታች ይተኛል፣ ናፍጣ ከላይ።

ሰባት በር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

የሳልባትዮ ክዳንም ይታይ። የኔ ክዳን ተሰርቆ ሶማሌ ተራ ሌላ ገዛሁ። ከነዳጁ መውጣት እኩል አየር የማያስገባ ክዳን ነበር። ሲከፈት ፉጨቱ ጎረቤት ያሰማል። የአባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወርጄ ወደ ደጀን ስወጣ ሁለት ጊዜ ነው የቆምኩት። የክዳን ነገር እንደሆነ ያወቅኩት ክዳኑን ሳልገጥም ስነዳ ነው።

ፖምፓ ቤት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:08

ሰባት በር ጥሩ አስታወስክ። ልጄ፣ ስትዝል መጀመሪያ የእጅ ፖምፓዋን ተጫኚ፣ ቀጥሎ ክዳኑን ክፈቺ። ቅደም ተከተሉን አታዛቢ።

ባለ ሃይሉክስ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:45

ሄጄ መጣሁ።

ከደብረ ሲና በታች እንደ ልማዷ ዛለች። ዳር ያዝኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፍቼ ያቺን ጥቁር ክብ ነገር በመዳፌ ተጫንኳት። ገባች። እጄን አነሳሁ። እዚያው ቀረች። ልክ ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ተኛ ዘበኛ። በጣቴ አካባቢዋን ነካ ነካ አደረግኩ፣ አልተነሳችም።

ክዳኑን ከፈትኩ። ፉጨት የለም። ተመልሼ ሳያት አሁንም ገብታ ናት። ሞተሩን አጠፋሁ። ቆሜ እያየኋት፣ ምናልባት ሦስት ደቂቃ፣ ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ ብቅ አለች። እዚያ መንገድ ዳር ብቻዬን «አገኘሁሽ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነበር፣ በፍጥነት ራቀ።

ውኃ በብርጭቆ ሳይ ትንሽ ነበር፣ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

እና ጋሼ፣ ትዝ አለኝ። ከሁለት ወር በፊት ነዳጅ የጠፋ ሰሞን ነበር። ማደያ ሰልፉ ከተማውን ዞሮ ስለነበር ከሰው በጀሪካን ገዛሁ። ሁለት ጀሪካን። ከዚያ ሳምንት ነው የጀመረው።

ናፍጣ ሽታ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11:10

ላምባ ደባልቀውልሽ ነው እንግዲህ! ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፣ ላምባ ከገባ ይፋቃል። ፖምፓ ቀይሪ።

ፖምፓ ቤት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:30

አይቸኮል። ላምባ ፖምፓ ይጎዳል፣ እውነት ነው። የተጎዳ ፖምፓ ግን የእጅ ፖምፓዋን ሰርጉዶ አያስቀራትም። ደካማ ጉንጭ አይስብም። ይሄ ፖምፓ እንደውም ጥሩ እየሳበ ነው፣ ዕድለኛ ነሽ።

የተዘጋው ከኋላ ነው። ቆሞ የሚከፈት መዘጋት ደግሞ ዝገት ወይም የተጣመመ ቱቦ አይደለም፣ እሱ ቆመሽም አይለቅም። የሚንሳፈፍ ነገር ነው። መሳቡ ሲበረታ መጥቶ አፉ ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ለቅቆ ይንሳፈፋል። ከተማ ውስጥ መሳቡ ቀላል ስለሆነ አይደርስም።

ልጄ፣ ያ የነዳጅ ሰውዬ ጀሪካኑን በምን ነበር የከደነው?

ባለ ሃይሉክስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:41

በፌስታል 😳

ሰባት በር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:44

ኧረ ባክሽ!

ፖምፓ ቤት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:05

እርግጠኛ ሳንሆን ሳልባትዮ አናወርድም። አንድ ሙከራ ይቀራል።

ንጹህ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ንጹህ ናፍጣ፣ ሁለት ሜትር የናፍጣ ጎማ ቱቦ። ከሳልባትዮ ወደ ፊልትሮ የሚመጣውን ፍቺና ጀሪካኑን በእሱ ቦታ አስገቢ። ከፖምፓው ተመልሶ ወደ ሳልባትዮ የሚሄደውንም ቱቦ ወደዚያው ጀሪካን መልሺው። ይሄን የሚረሳ ብዙ ነው። የዚህ ፖምፓ መላሽ ብዙ ነው፣ ካልመለስሽው 5 ሊትሩ ሳታስቢው ሳልባትዮው ውስጥ ገብቶ ያልቃል።

ጀሪካኑን ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርገሽ እሰሪው። አየሩን በእጅ ፖምፓ አውጪ። ከዚያ አንድ ሰው ይዘሽ ዳገት ውጪ። ካልዛለች ጥፋቱ ከሳልባትዮው ነው፣ አለቀ።

ቨርጂንያ ነኝ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:15

ክሩን ላልበጥስ፣ ግን የኔም ፒክአፕ ጉልበት አጥታለች። ታኮማ፣ ቤንዚን፣ 2003። ስትሞቅ ከ60 ማይል አታልፍም። ኮድ የለም። ከወንበሩ ሥር እንደ ምድጃ ይግላል።

ፖምፓ ቤት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:31

አንተ ጋ ስትሮው ሳይሆን መውጫው ነው የተዘጋው። ካታሊቲኩ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ፣ ውስጡ ቀልጦ ወይም ተሰባብሮ ይሆናል። የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር አስፈታና በእሱ ቀዳዳ የግፊት ጌጅ ይግጠሙልህ። ሞተሩ በ2,500 ዙር ላይ ሆኖ ጌጁ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ካለ ተዘግቷል። ከመቀየርህ በፊት ግን ለምን እንደቀለጠ አስፈትሽ፤ የማይነድ ካንዴላ ካለ አዲሱንም ይበላዋል።

ባለ ሃይሉክስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

በጀሪካኑ ወጣች! ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት ወንድሜ ጀሪካኑን እየጠበቀ፣ እኔ እየነዳሁ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳትዝል። ተመልሰን ወርደን ደግመን ወጣን፣ ለማረጋገጥ ነው ብለን። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነው።

ዛሬ ሳልባትዮው ወረደ። ናፍጣው በታች ብሎኑ ተቀዳ፣ በነጠላ ጨርቅ ተጣርቶ። የጋራዡ ልጅ የተንሳፋፊውን (የነዳጅ መጠን መለኪያውን) ክዳን ፈትቶ መሳቢያውን ቱቦ ሲያወጣው ጫፉ ላይ ምንም የለም። ልቤ ቁልቁል ሄደ። ከዚያ የእጅ ባትሪ አብርቶ ሲያይ ጥግ ላይ አንድ ነገር አለ። በሽቦ ጎትቶ አወጣው።

ፌስታል ነው። ድሮ ሰማያዊ የነበረ ይመስለኛል፣ አሁን እንደ ሻይ ቅጠል ቡኒ ሆኖ ለስልሷል። መዳፌን አያክልም። መሐሉ ላይ የቱቦው አፍ ክብ ሆኖ ታትሞበታል፣ እንደ ማኅተም። ሳልባትዮው ታጥቦ ተገጠመ። ሁሉም ነገር፣ የልጁ የእጅ ዋጋ ጭምር፣ ለሞተር ማውረጃ ከተጠየቅኩት አንድ ሃያኛ አይሆንም።

ፌስታሉን አልጣልኩትም። አንድ ጋራዥ ላሳየው ሰው አለ።

ናፍጣ ሽታ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:12

እህቴ፣ ያልኩትን ሁሉ አንስቻለሁ። ተራራውንም፣ ላምባውንም።

ፖምፓ ቤት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ። ፌስታሉን ዘርግተሽ ዙሪያውን እዪ። ጠርዙ የተቆረጠ ነው ወይስ የተቀደደ?

ባለ ሃይሉክስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:52

ሦስቱ ጎን ደህና ነው። በአንድ በኩል የተቀደደ ነው። ጋሼ፣ አያስፈራሩኝ።

ፖምፓ ቤት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:01

የተቀረው ቁራጭ ሳልባትዮው ሲታጠብ ወጥቶ ይሆናል። ቱቦው ውስጥም ተስቦ ገብቶ ይሆናል። ነገ ጠዋት ፊልትሮ መግቢያ ጋ ያለውን ቱቦ ፍቺና፣ የሳልባትዮው ክዳን ተከፍቶ፣ በጎማ መንፊያ ወደ ኋላ ንፊው። ሳልባትዮው ውስጥ ሲንዶቀዶቅ መሰማት አለበት። ፊልትሮውንም ቀይሪው፣ ባለፈው የቀየርሽው ሳልባትዮው ከመታጠቡ በፊት ነው።

ባለ ሃይሉክስ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:20

ተንዶቀደቀ። በተንሳፋፊው ቀዳዳ በኩል በሽቦ ስንፈልግ ትንሿም ተገኘች፣ የጣት ጥፍር ታክላለች። ሁለቱ ይገጥማሉ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፣ ወንድሜ ፎቶ እያነሳ ነው።